ከሦስተኛው ስብሰባ የሚያልፍ ማኅበር እንዴት ይቋቋማል፦ አሜሪካ ለምንኖር ወንዳወንድ ኩዊርና ትራንስ ሐበሾች

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሰው ይነሣሣና ቆንጆ ፖስተር ያሠራል፣ ኢንስታግራም ላይ ይለጥፋል። የመጀመሪያው ቀን 18 ሰው ይመጣል፤ ሳቁና እንባው ይደባለቃል፤ «በየወሩ እንገናኝ» ይባላል። ሁለተኛው ላይ 7 ሰው። ሦስተኛው ላይ ጠሪው ብቻውን ከቀዘቀዘ ፒዛ ጋር ተፋጦ ይቀመጣል። እኔ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከስሬ ነው በሦስተኛው የቆመልኝ።

ወንዳወንድ የምለው ቡች ሴቶችን (ሴት የሚወዱ፣ አኳኋናቸው ወደ ወንድ ያደላ ሴቶችን)፣ ስተዶችን (ጥቁር ቡቾችን)፣ ትራንስ ወንዶችን (ሲወለዱ ሴት የተባሉ ወንዶችን)፣ ወንድም ሴትም አይደለሁም ብለው አለባበሳቸውና አኳኋናቸው ወደ ወንድ ያዘነበለውን ሁሉ ነው። ቃሉ ሰፈር ውስጥ ስድብ ሆኖ ያሳደጋቸው አሉ። ሌላ ከመረጡ ይመረጥ፤ ሙሉ ስብሰባ ግን በስም ክርክር አታቃጥሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የተጻፈው አሜሪካ ላለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋን በእስራት ይቀጣል፤ ከዚህ በታች ያለውን እዚያ ለመሞከር የሚነሣ ሰው ራሱንም ሌላውንም ያስይዛል። እዚህ የምንሰበሰበውም ብንሆን እዚያ እናት፣ እህት፣ አክስት አለን። የጥንቃቄው ብዛት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከፖስተሩ በፊት አራት ሰው

ፖስተር አታሠሩ። ስም አታውጡ። መጀመሪያ አራት ሰው ፈልጉ፤ እናንተን ጨምሮ አምስት።

1. ለየብቻ አግኙዋቸው። በቡድን መልእክት አትጥሩ።
2. ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስለ እናንተ ማን ያውቃል? ማን በፍጹም ማወቅ የለበትም? በወር ስንት ሰዓት አላችሁ? ለሦስተኛው «የፈለጋችሁትን ያህል» የሚል ሰው ከሁለት ወር በኋላ አይገኝም። «አራት ሰዓት፣ እሱም እሑድ» የሚለውን ያዙ።
3. ሁሉም ተናጋሪ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አንድ መኪና ያለው፣ አንድ ዝም ብሎ ዕቃ የሚያነሣ፣ አንድ ሒሳብ የማይሰለቸው ይኑር።
4. ከአምስቱ ሁለቱ ፍቅረኛሞች ከሆኑ ቁልፍና ገንዘብ ሁለቱም እጅ አይግባ። ሲለያዩ ማኅበሩም አብሮ ይፋታል። አይቼዋለሁ።
5. ሐበሻ ብቻ ይሁን ወይስ ጥቁር አሜሪካውያንን፣ ላቲኖዎችን፣ ሌሎች ነጭ ያልሆኑትን ይጨምር? አሁኑኑ ወስኑ። የእኔ ፍርድ፦ ቋንቋችን የሚጎድለን ቦታ ስለሆነ ዋናው ስብሰባ በሐበሻ ይጀመር፤ በየሦስተኛው ጊዜ በሩ ለሌሎቹ ይከፈት። ጥቁር ስተዶች ለአሥርት ዓመታት ያካበቱት የማደራጀት ልምድ አለ፤ ከእነሱ ሳይማሩ መጀመር ሞኝነት ነው።

ከተበላሸ፦ ከአምስቱ መሃል የብሔር ፖለቲካ ከተነሣ (ይነሣል፤ ከ2020 ጦርነት ወዲህ በዲያስፖራው ያልተሰነጠቀ ዕድር ማግኘት ይቸግራል) ለማስታረቅ አትሞክሩ። «እዚህ ክፍል ውስጥ አይወራም» የሚል አንድ መስመር ጻፉና እለፉ። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚመቸው ሰው ካለ ደግሞ አማርኛው ላይ ሙጭጭ አትበሉ።

## ደረጃ 2፦ ምስጢሩን ቀድማችሁ አጥሩ

### ስልክ

ዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን አባሉ ሁሉ ያየዋል። ቴሌግራም ደግሞ ስትገቡ ቁጥራችሁን ለመዘገበ የአጎት ልጅ ያሳውቅባችኋል። ሲግናል ተጠቀሙ፤ እሱንም እንዲህ አስተካክሉት፦

1. የስልክ ቁጥር ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይና በቁጥራችሁ ማን እንደሚያገኛችሁ ሁለቱንም «Nobody» (ማንም አይችልም) የሚለው ላይ አድርጉ። መጠሪያ ስም አውጡና በእሱ ተገናኙ።
2. የቡድኑ መልእክት በአንድ ሳምንት ራሱ እንዲጠፋ አድርጉ።
3. ስልኩ ተቆልፎ ሳለ መልእክቱ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ ዝጉ። ብዙ ሰው የሚጋለጠው በሰላይ አይደለም፤ ሶፋ ላይ በተተወ ስልክና በአጠገቡ በተቀመጠች እህት ነው።
4. ለቡድኑ አሰልቺ ስም ስጡት። የእኛ «የቅዳሜ ኳስ» ይባላል።

### ስም

የኛ ስም ከአባት ስም ጋር ሲደመር አድራሻ ማለት ነው። የመጠሪያ ስም ብቻ ይበቃል፤ እሱም የመረጡት። «የማን ልጅ ነህ? ሰፈርሽ የት ነበር? የየትኛው ቤተ ክርስቲያን?» የሚሉትን ጥያቄዎች በቀጥታ ከልክሉ። ጠያቂው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ በሦስት ጥያቄ ግን እናታችሁ ጋ ይደርሳል።

### ፎቶ

ፎቶ የለም። የምግብም ቢሆን። አንድ ጊዜ «ሰው የለበትም» ብዬ የእንጀራ ትሪ አንሥቼ ለጠፍኩ። ጠርዙ ላይ ጎመን የሚጠቀልል እጅ ነበር፤ እጁ ላይ ንቅሳት። በማግስቱ የእጁ ባለቤት የአክስት ልጅ «ይሄ እጅ የማን እንደሆነ አውቃለሁ» ብሎ ጻፈ። ያ ሰው ለአንድ ዓመት አልመጣም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ምስጢር ከወጣ፦ መጀመሪያ የተጋለጠውን ሰው ደውላችሁ አናግሩ፤ ለቡድኑ ከመንገር በፊት። ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ጠይቁ። የሚፈልገውን እሱ ይወስን፤ እናንተ ወክላችሁ ለቤተሰብ አታስተባብሉ፣ ፌስቡክ ላይ አትመልሱ። የተለጠፈው እንዲወርድ ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቅጂውን ያዙ፤ ዛቻ ካለበት በኋላ ያስፈልጋል።

## ደረጃ 3፦ ቦታና ሰዓት

1. ሐበሻ ምግብ ቤት አይሁን። ቤትም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሁን፤ ማን እንደሚመጣ ገና አታውቁም።
2. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ነጻ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ስብሰባው ለማንም ክፍት እንዲሆን ያስገድዳሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። የጤና ማዕከላትና ለኩዊር ሰዎች በራቸውን የከፈቱ ቤተ ክርስቲያኖች የተሻለ ዝግ ክፍል አላቸው።
3. ሲመዘግቡ የሚሰጡትን ስም ተጠንቀቁ። እኛ በአንድ ማዕከል በእውነተኛ ስማችን አስመዘገብን፤ ስንደርስ መግቢያው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን ከነክፍል ቁጥሩ አውጥቶ ለጥፎታል። ከአባሎቻችን የአንዷ አክስት በዚያው ሕንፃ በጽዳት ትሠራ ነበር። ልጅቷ ከመኪና ሳትወርድ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ «የንባብ ቡድን» ነን፤ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚወጣም በስልክ ሳልጠይቅ አላስመዘግብም።
4. አመጣጣችሁን አስቡ። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የኡበሩ ሹፌርም የፓርኪንጉ ሠራተኛም ሐበሻ ሊሆን ይችላል። መድረሻውን አንድ መንገድ ርቆ ያለ ቡና ቤት አድርጉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ በአማርኛ በስልክ አትቀባጥሩ።
5. ቀን ስትመርጡ እሑድ ጠዋትን ለቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ቀትርን ለጁምዓ ተዉ። ግማሹ ሰው የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት ይሻላል። ምግብ ሲኖር ሁልጊዜ የጾምም ይኑር።
6. ሰዓቱን ስትጽፉ «በአሜሪካ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩ። ሳቃችሁ? «9 ሰዓት» ተብሎ ጠዋት 9 ሰዓት የመጣ ሰው ነበረን።

በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም፤ አዲስ መጪ ሁሉ ቀድሞ ከአምስቱ አንዱን በአካል ያገኘ ይሁን። አድራሻውን ከስብሰባው ዕለት በፊት አትላኩ።

## ደረጃ 4፦ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ

አብዛኛው የእንግሊዝኛ መመሪያ እዚህ ላይ አይረዳችሁም። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም በአንድ ቃል ይገላገላል። አማርኛ ግን «ና» ወይም «ነይ» ሳይል ሰው መጥራት አይችልም፤ እያንዳንዱ ግሥ ይፈርድባችኋል። አዲስ ሰው ገብቶ ገና ኮቱን ሳያወልቅ «ግቢ፣ ተቀመጪ» ከተባለ ማኅበሩ ለእሱ እዚያው አልቋል።

1. የማታውቁትን ሁሉ በ«እናንተ» ተቀበሉ። «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ትጠጣላችሁ?» ለአንድ ሰው ሲባል መጀመሪያ ይቀፋል፤ በሁለተኛው ስብሰባ ይለመዳል። «እርስዎ»ም ጾታ የለውም፤ ግን ዕድሜ ይጨምርባቸዋል።
2. ጥያቄውን ራሱን አስተካክሉ። «በምን ልጥራህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን አስቀድማችሁ ሰጣችሁት። «በምን ልጥራችሁ?» በሉ።
3. ራሳችሁ ጀምሩ። «እኔ» ጾታ የለውም፤ ሰው ስለ ራሱ አንድ ሰዓት ቢያወራም በምን እንደሚጠራ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ስም ስታስተዋውቁ በግልጽ ጨምሩ፦ «በ‹አንተ› ጥሩኝ»፣ «በ‹አንቺ› ነኝ፣ ወንድሜ ግን አትበሉኝ»፣ «ሁለቱም ይሆናል»።
4. ስለ ሌለ ሰው ስታወሩ ካልተረጋገጠ «እሳቸው መጡ» በሉ።
5. ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሱ፦ «ሰው ፊት ስንገናኝስ?» እዚህ «አንተ» የሆነ ሰው እናቱ ፊት «አንቺ» እንዲባል ሊፈልግ ይችላል፤ ሰላም እንኳ እንዳይባል የሚፈልግም አለ። መልሱን የትም አትጻፉ፤ በቃል ያዙ።

አንድ ወጥመድ አለ። እናቶቻችን ሴት ልጅን በፍቅር «አንተ»፣ «አባቴ» ይላሉ፤ ወንዱንም «አንቺ»፣ «እናቴ»። ወንዱን ለማዋረድ «አንቺ» የሚልም ሞልቷል። ስለዚህ ትራንስ ወንድን «አንተ» ስትሉት ተቀበልነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እሱ ግን አያቱ ሲያቆላምጡት የሰማው ያህል ብቻ ሊሰማው ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ስትቆጡ ነው። ተናድዳችሁም «አንተ» ካላችሁ ገብቷችኋል።

ከተሳሳታችሁ፦ ግሡን አስተካክላችሁ ቀጥሉ። «ትናንት የመጣሽ — የመጣህ ጊዜ...» ይበቃል። ይቅርታውን አምስት ደቂቃ ካስረዘማችሁት ተበዳዩ እናንተን ማጽናናት ይጀምራል።

## ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ስብሰባ

ከ12 ሰው በላይ አትጥሩ። ሁለት ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ አይጨመር። የሚከተለው ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካ ሰዓት ነው።

1. 3፡00–3፡20 ሰው ይግባ፣ ሻይ ይያዝ። የዘገየ ሰው እንዳያፍር ይህን ጊዜ ባዶ ተዉት።
2. 3፡20–3፡30 ደንቡን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አራት መስመር፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፤ ፎቶ የለም፤ የዘር ጥያቄ የለም፤ መናገር ግዴታ አይደለም።
3. 3፡30–3፡50 ስምና አጠራር።
4. 3፡50–4፡30 አንድ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት።
5. 4፡30–4፡45 ቡና።
6. 4፡45–5፡00 አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ስም አስገብታችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ውጡ።

ጥያቄው ከባድ አይሁን። «ራስህን መቼ አወቅህ?» ብላችሁ አትክፈቱ፤ ያኔ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል፣ ቀጣዩ ጊዜ ሰው ይሸሻል። እኛን ያቆመን ጥያቄ «ጸጉራችሁን ማን ይቆርጣችኋል?» የሚል ነበር። አንዷ ሐበሻ ጸጉር ቤት ገብታ «ፌድ» (ጎኑ እያጠረ የሚሄድ የወንድ ቁርጥ) ስትጠይቅ ቆራጩ መቀሱን አስቀምጦ «እናትሽ ታውቃለች?» እንዳላት አወራች። ሌላው ለሁለት ዓመት ራሱን በማሽን እየቆረጠ የጀርባውን መስመር በእጁ ዳበሳ እንደሚያስተካክል አሳየን። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሥራው ራሱ ተገኘ፦ ሳይጠይቁ የሚቆርጡ ጸጉር ቆራጮችን ዝርዝር ማውጣት።

የመጀመሪያው ሥራ እንዲህ ያለ ይሁን። በአንድ ወር የሚያልቅ፣ ያለ ገንዘብ የሚሠራ፣ ለማንም የሚጠቅም። የወንድ ልብስ መለዋወጥ፣ ስም ለማስቀየር ፍርድ ቤት የሚሄድን ሰው ማጀብ፣ ሐኪም ቤት ማድረስ። ትልቁን ሰልፍ ለኋላ አቆዩት።

ሦስት ሰው ብቻ ከመጣ፦ አትበትኑ፣ አታዝኑ፤ ያንኑ ሰዓት ያንኑ ቅደም ተከተል ሂዱበት። አንዱ ካለቀሰና ካላቆመ፦ ከአምስቱ አንዱ ይዞት ይውጣ፤ ሌላው ስብሰባውን ይቀጥል። አንዱ ወሬውን ከያዘው፦ ሰዓቱ ሲጮህ «እናመሰግናለን» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ዙሩ። ለሊቀ መንበሩም ይጮኻል።

## ደረጃ 6፦ ቡናውን ማን ያፈላል?

ሁለተኛው ማኅበሬ የፈረሰው እዚህ ነው። ወንዳወንዶቹ ክብ ሠርተን ስለ ነጻነት እናወራለን፤ የሦስታችን ሴት ፍቅረኞች ማዕድ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሲኒ ያጥባሉ። የአባቶቻችንን ሳሎን ቁጭ አድርገን ገነባነው። አንዷ ረከቦቱን እንዳለ ትታ ወጣች። ልክ ነበረች።

1. የቡና፣ የእጥበትና የመጥረጊያ ተራ በወረቀት አውጡ። ወንዳወንዶቹ ከላይ ይጻፉ።
2. ቡና ማፍላት የማይችል ካለ ይማር። በሦስት ስብሰባ አንድ ጀበና ማገንፈሉን ያቆማል።
3. «አንተ ገና ሆርሞን አልጀመርክም»፣ «አንቺ ሱሪ ለብሰሽ ነው እንጂ ሴት ነሽ» የሚል ንግግር ሲነሣ ወዲያው አስቁሙ። ማን የበለጠ ወንድ ነው የሚለው ፉክክር በሳቅ ይጀመርና ቡች ሴቶቹን አንድ በአንድ ያስወጣል።
4. ስለ ሴት ገላ የሚደረግ የጓዳ ወሬን እንደ ማንኛውም ወንድ አታሳልፉት።

በአሜሪካ አቆጣጠር በ2010 ኦክላንድ ላይ የተመሠረተው ብራውን ቦይ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት ወጣት መሪዎችን ሲያሠለጥን ወንድነትን ራሱን ርዕስ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

## ደረጃ 7፦ ገንዘብ

በትንሹ ያዙት። በወር 10 ዶላር፣ የሌለው አይከፍልም፣ ማን እንዳልከፈለ በስብሰባ አይነበብም። ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ደብተሩን። የዕቁብ ልምድ ያለው ሰው ካለ ሥራው የእሱ ነው።

በዜል ገንዘብ ሲላክ ባንክ የተመዘገበውን የላኪውን ሕጋዊ ስም ያሳያል። ትራንስ አባል 10 ዶላር ልኮ የተወው ስሙ ለገንዘብ ያዡ ብቅ ይላል። ጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ። ቬንሞ ከሆነ ክፍያው ለሌላ እንዳይታይ ወደ ግል ቀይሩት፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ምሳ» ጻፉ።

የዓመት ገቢያችሁ በአብዛኛው ከ5,000 ዶላር የማያልፍ በጎ አድራጎት ስብስብ ከሆነ ከግብር ነጻ ለመሆን ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ማመልከት አያስፈልጋችሁም። ድጎማ ስትፈልጉ መጀመሪያ የተመዘገበ ድርጅት በስሙ ገንዘብ እንዲቀበልላችሁ ጠይቁ፤ በመቶኛ ይቆርጣል፣ ግን የወረቀቱን ጣጣ ይገላግላችኋል። ራሳችሁ ልትመዘገቡ ካሰባችሁ የኃላፊዎች ስም ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን ቀድማችሁ እወቁ። ስሙ እንዲወጣ ያልፈቀደ ሰው ቦርድ ውስጥ አይግባ።

## ደረጃ 8፦ እናንተ የማትሠሩት

ጥገኝነት። ጠያቂዎቹ ይመጣሉ፤ በብዛት። ቅጽ አትሙሉላቸው፣ ታሪክ አታስተካክሉላቸው። የምትነግሯቸው አንድ ነገር፦ አሜሪካ ከገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባቸው፤ ያለፈበት ጠባብ ልዩ ሁኔታ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ጉዳይ አስጨራሽ ነኝ የሚል ጎረቤት ጠበቃ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቃችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ከስንት ወር ጀምሮ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚሠራ።

ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን)። በስብሰባችሁ አይለዋወጡ። በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ለጓደኛ ማካፈል ወንጀል ይሆናል፣ መርፌ መጋራት ደግሞ በሽታ ነው። ደረት ማሰሪያ (ጡትን የሚያስተኛ ጠባብ ልብስ) መዋዋስ ይቻላል፤ ልኩ ከሆነ፣ ከ8 ሰዓት በላይ ካልታሰረ፣ ካልተኙበት። በፋሻና በፕላስተር መጠፈርን ግን ከልክሉ፤ የጎድን አጥንት ይጎዳል።

ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ አያነሣሣም። ብቻውን አትተዉት። ለእንዲህ ያለ ጭንቅ የሚደወልበት 988 በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፤ 3 ቁጥርን ተጭኖ ለኩዊር ወጣቶች የሚደርሰው መስመር ግን በሐምሌ 2025 በአሜሪካ አቆጣጠር ተዘግቷል፣ ስለዚህ አሮጌ ወረቀት አታድሉ። ፖሊስ የሚፈራ ከሆነ ትራንስ ላይፍላይን የተባለው የስልክ መስመር ደዋዩ ሳይፈቅድ ፖሊስ አይጠራም። ማን ይዞት እንደሚያድር ሳትወስኑ ከክፍሉ አትውጡ።

## ደረጃ 9፦ በስድስተኛው ወር ቅሩ

ጠሪው ሲታመም ስብሰባው አብሮ የሚታመም ከሆነ ገና ማኅበር የላችሁም። በስድስተኛው ስብሰባ የመሠረታችሁት ሰዎች ሆን ብላችሁ ቅሩ።

1. ከሁለት ወር በፊት ተተኪ ምረጡ፤ ከአምስቱ ውጭ የሆነ።
2. የክፍሉን ምዝገባ፣ የበሩን ቁልፍ፣ የጀበናውን ሣጥን ከሳምንት በፊት አስረክቡ።
3. ያን ቀን ስልካችሁን ዝጉ።

እኔ ያን ቅዳሜ መኪናዬን ሳጥብ ዋልኩ። ማታ ከፍቼ ሳይ አንድ መልእክት ነበር፦ «ስኳሩ የት ነው?» ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ፦ «ተዉት፣ ገዝተናል።»